ባህር አጠገብ ሳያድጉ ሰርፊንግና ፓድልቦርድ መጀመር ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው ይሄን ነው፦ ዕድሜሽ 36 ነው፣ ባህር አጠገብ አላደግሽም፣ ዋና ትችያለሽ ግን ገንዳ ውስጥ ብቻ፣ ቪዲዮ እያየሽ ልብሽ ተነሳስቷል፣ እና «ሰዎች ወደ ሰርፊንግና ፓድልቦርድ የሚገቡት እንዴት ነው፣ በልጅነቱ ያልጀመረ ሰውስ ይሆንለታል ወይ፣ ከሁለቱ በየትኛው ልጀምር» ነው። ሰርፊንግ ቦርድ ላይ ቆሞ የባህር ማዕበል መጋለብ ነው፣ ፓድልቦርድ ደሞ ትልቅ ቦርድ ላይ ቆሞ በረጅም መቅዘፊያ መቅዘፍ ነው። ሁለቱንም ስለማስተምር ሰፋ አርጌ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም ይሄንኑ ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው ሳይጠይቁ የቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቁርጡን ላስቀድም፣ ይሆንልሻል። ግን እንዴት እንደሚገባበት ብዙ ሰው የተሳሳተ ሀሳብ አለው። ደፋር የሆነ፣ ሰውነቱ የተገነባ፣ ወጣት የሆነ ሰው አንድ ቀን ቦርድ ይዞ ዘሎ ይገባል ብለው ያስባሉ። እኔ የማየው እንደዛ አደለም። አብዛኛው ሰው የገባው ሌላ ሰው ይዞት ስለገባ ነው፤ አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ የስራ ባልደረባ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወይ ተከፍሎት የሚያስተምር ሰው። ብቻውን ቦርድ ገዝቶ የጀመረም አለ፣ ግን ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሁለት ሶስቴ ማዕበል ደፍቷቸው ቦርዱን እቃ ቤት አስገብተው ይተዉታል፣ ያ ደሞ ድፍረት አንሷቸው ሳይሆን የቱ ጋ ቆመው የቱን ማዕበል መጠበቅ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ነው።

ታሪኩም እኮ ከመነሻው እንደዚሁ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰርፊንግ የሃዋይና የሌሎቹ የፖሊኔዥያ ደሴቶች ነው፣ ሃዋይ ውስጥ መኳንንቱም ተራው ሰውም፣ ወንዱም ሴቱም ህፃኑም ማዕበል ይጋልብ ነበር፣ የካፒቴን ኩክ መርከበኞች በ1770ዎቹ ደርሰው ሲያዩት በጣም ገርሟቸው ጽፈውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከውጭ የገባ በሽታ ህዝቡን ክፉኛ ጨረሰው፣ ሚሲዮናውያኑም ነገሩን በጥሩ ዓይን አላዩትም፣ ሰርፊንግ በጣም ተመናምኖ ጥቂት ሰዎች እጅ ላይ ብቻ ቀረ። ከነዛ ጥቂት ሰዎች ነው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የወጣው። በ1885 ካሊፎርኒያ ለትምህርት የመጡ ሶስት ወንድማማች የሃዋይ ልዑላን ሳንታ ክሩዝ ላይ በሬድዉድ እንጨት ቦርድ ማዕበል ጋለቡ። በ1907 ጆርጅ ፍሪዝ ከሃዋይ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደና ለህዝብ እያሳየ፣ በነፍስ አድን ዋናተኛነትም እየሰራ ብዙ ሰው አስጀመረ። ከዛ ዱክ ካሃናሞኩ አለ፣ በ1912 ስቶክሆልም ላይ በ100 ሜትር ፍሪስታይል የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው ዋናተኛ፤ ሲድኒ ሄዶ በ1914 መጨረሻ ፍሬሽዋተር በሚባለው ዳርቻ ሰርፊንግ አሳየ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ደሞ ኢዛቤል ሌታም የምትባል የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ቦርድ ላይ ከፊቱ አድርጎ አብረው ጋለቡ። እሷ በኋላ ራሷ የዋና አስተማሪ ሆነች። እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚደጋገመው ምንድነው ብትዪ፣ የሚያውቀው ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ውሃ ውስጥ መግባቱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደሞ አለ፣ ለኔ ትልቁ ማስረጃ ይሄ ነው፤ መሳሪያውን ራሱ የቀየሩት በአብዛኛው የጀማሪ ችግሮች ናቸው። የድሮ ቦርድ ድፍን እንጨት ነበር፣ አንዳንዱ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ተሸክሞ ውሃው ጋ መድረሱ ራሱ ሰው ይመርጥ ነበር። በ1947 ካሊፎርኒያ ማሊቡ አካባቢ ጆ ክዊግ የሚባል ቦርድ ሰሪ ለአንዲት ጀማሪ ወጣት እንድትሸከመው ብሎ ከባልሳ እንጨት ቀለል ያለ ቦርድ ሰራላት፣ ወንዶቹ ተውሰው ሲሞክሩት ከራሳቸው ቦርድ በተሻለ እንደሚታጠፍ አዩ፣ የማሊቡ ቦርድ የሚባለው ዓይነት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ የሚባሉ ቦርድ ሰሪዎች በእንጨቱ ፈንታ ፎሙን፣ ቀላሉን ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ አመጡት፣ ቦርዱ ይበልጥ ቀለለ። ዌትሱት፣ ሰውነትን የሚያሞቀው የጎማ ልብስ መጣና ቀዝቃዛ ባህር ያለበት አገር ሰው ሁሉ መግባት ቻለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊሽ መጣ፣ ቦርዱን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያገናኘው ገመድ ማለቴ ነው፣ ከሱ በፊት የወደቀ ሰው በየጊዜው ቦርዱን ፍለጋ እስከ ዳር ድረስ መዋኘት ነበረበት፣ ስለዚ ዋናው ጠንካራ ያልሆነ ሰው ጭራሽ አይሞክረውም። በ1971 ደሞ ቶም ሞሬይ በደረት የሚተኙበትን አጭር ፎም፣ ቦዲቦርዱን ሰራ፣ ህፃናት በሱ ገቡ። 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር ራሱ ልጅ እያለ የጀመረው ፍሎሪዳ ኮኮዋ ቢች ላይ በደረቱ እየተኛ ነው፣ ያ ዳርቻ ደሞ በትንንሽ ማዕበል ነው የሚታወቀው። ትልቅ ማዕበል የሌለበት ቦታ ነኝ ብለሽ አትከፊ ለማለት ነው።

ወደ ፓድልቦርዱ ስንመጣ፣ እሱማ ጭራሽ ከማስተማር የተወለደ ነው። ሆኖሉሉ ውስጥ ዋይኪኪ ዳርቻ ላይ ቢች ቦይስ የሚባሉ፣ እንግዳ ሰርፊንግ የሚያስተምሩና የሚጠብቁ የሃዋይ ሰዎች ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ከነሱ አንዳንዶቹ ትልቅ ቦርድ ላይ ቆመው በታንኳ መቅዘፊያ እየቀዘፉ ተማሪዎቻቸውን ይከታተሉ፣ ፎቶም ያነሷቸው ነበር፣ ምክንያቱም የቆመ ሰው የሚመጣውን ማዕበል ከሩቅ ያያል፣ የተኛ ሰው የሚያየው ግን ፊቱ ያለውን ብቻ ነው። ከነሱ መሀል ቦቢ አህቾይ በመኪና አደጋ ተጎድቶ መንበርከክ ከብዶት ነበር፣ እሱም ቆሞ እየቀዘፈ ማዕበሉ ውስጥ ይውል ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ የሚባሉ የማዊ ደሴት ሰርፈሮች ይሄንኑ አነሱትና ዓለም አወቀው። ቀጥሎ በአየር የሚነፋው ቦርድ መጣ፤ ውስጡ የላይኛውንና የታችኛውን ሸራ የሚያያይዙ በሺ የሚቆጠሩ ክሮች ስላሉት ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲነፋ ድርቅ ይላል፣ ተጠቅልሎ ደሞ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ፎቅ ላይ የሚኖር መኪና የሌለው ሰው ሳይቀር ይዞት ይሄዳል። ዛሬ ወደ ውሃ ስፖርት የሚገባው ጎልማሳ በብዛት የሚገባው በዚህ በር ነው፣ ሐይቅም ወንዝም ይበቃዋልና።

እና በየትኛው ትጀምሪ? እኔ ላንቺ ፓድልቦርድ በረጋ ውሃ እላለሁ። ገንዳ ውስጥ የለመደ ዋናተኛ ትልቁ ችግሩ ጉልበት አደለም፣ መሬቱን እግሩ ሳይነካው፣ ስሩም ሳይታየው ክፍት ውሃ ላይ ተረጋግቶ መቆየት ነው፣ እሱን ደሞ ፓድልቦርድ ያለምንም ግርግር ያስተምርሻል። ነፋስ ማየት ትለምጃለሽ፣ መውደቅ ትለምጃለሽ፣ ከውሃ ውስጥ ተመልሶ ቦርድ ላይ መውጣት ትለምጃለሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ፓድልቦርድ ሰርፊንግን አያስተምርሽም። ከመተኛት ብድግ ማለቱ፣ የማዕበሉን ሰዓት መጠበቁ፣ የአረፋው ምት፣ እነዚህ ማዕበል ውስጥ ብቻ ነው የሚገኙት። ስለዚ ህልምሽ ማዕበሉ ከሆነ ፓድልቦርዱን ሰበብ አርገሽ ዓመት አትቆዪ፣ ጎን ለጎን አስኪጂው።

ፓድልቦርድ ላይ የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አርጊ። ቦርዱ መሀል ላይ መሸከሚያ እጀታ አለው፣ ሚዛኑ እዛ ነው፣ በጉልበትሽ ከእጀታው ግራና ቀኝ ተንበርክከሽ ትንሽ ቅዘፊ፣ ጀርባሽና ትከሻሽ ሲለቅ አንድ እግር ከዛ ሌላውን አምጥተሽ ተነሺ። እግርሽን እያየሽ አትቁሚ፣ ዓይንሽ ሩቅ ይሁን፣ ወደ ታች ያየ ሰው ወዲያው ይወድቃል። መቅዘፊያውን አብዛኛው ጀማሪ ገልብጦ ነው የሚይዘው! ሰፊው ጫፍ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ አደለም፣ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ያ ዘንበል ያለው ጎን ወደ ፊት፣ ወደ ቦርዱ አፍንጫ መሄድ አለበት፤ ወደ ራስሽ ካዞርሽው ውሃውን ትጨልፊያለሽ እንጂ ወደፊት አትሄጂም። ርዝመቱ ለረጋ ውሃ ከቁመትሽ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይብለጥ። ከፊትሽ አርቀሽ ሙሉውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ክተቺ፣ እግርሽ ጋ ሲደርስ አውጪው፣ ከዛ አልፎ ወደ ኋላ መጎተት ቦርዱን ያዞረዋል እንጂ አይገፋውም። ስትወድቂ ደሞ ከቦርዱ ራቅ ብለሽ ጠፍጣፋ ሆነሽ ውደቂ፣ ቦርዱ ላይ ለመቅረት መታገል ነው ሰው የሚያስጎዳው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ረጋ ያለ ውሃ ላይ ሰው የሚያጠፋው ማዕበል አደለም፣ ነፋስ ነው። የቆመ ሰው ራሱ የጀልባ ሸራ ነው፣ ነፋሱ ይገፋዋል። በተለይ ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍሰውን ነፋስ ተጠንቀቂ፣ እሱ ያታልላል፣ ዳሩን ህንፃው ወይ ዛፉ ስለሚከልለው ውሃው መስታወት መስሎ ይታይሻል፣ ትንሽ ገባ ስትዪ ግን ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ ያገኝሽና እንዴት ቀላል ነው እያልሽ በፍጥነት ትርቂያለሽ፣ መመለስ ስትፈልጊ ነው የሚገባሽ። ስለዚ ሁሌም ስትወጪ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ውጪ፣ ሲደክምሽ እሱ ይመልስሽ። ከበረታብሽ ተንበርከኪ፣ ከባሰ በደረትሽ ተኝተሽ በእጅሽ ቅዘፊ። ቦርዱን ትተሽ ወደ ዳር ለመዋኘት ፈጽሞ አትሞክሪ፣ ቦርዱ ይንሳፈፋል፣ ይታያል፣ አንቺ ብቻሽን ስትሆኚ ግን ከሩቅ የምትታይ ጭንቅላት ብቻ ነሽ። ላይፍ ጃኬት አድርጊ፣ ሊሽ እሰሪ። ወንዝ ላይ ግን ሊሹ እግር ላይ መታሰር የለበትም፣ ግንድ ወይ ምሰሶ ላይ ከተያዘ ወንዙ ይደፍቅሽና እጅሽ እግርሽ ጋ አይደርስም፣ በአንድ መጎተት የሚፈታ የወገብ ሊሽ ነው የሚያስፈልገው። ይሄን ሳይጠቅስ ወንዝ ላይ የሚያስወጣሽ አሰልጣኝ ካለ ሌላ ፈልጊ።

ሰርፊንጉን ስትጀምሪ የመጀመሪያው ትምህርት ወገብሽ ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ይሄን ስነግራቸው ብዙዎቹ ፊታቸው ይፈታል። ምክንያቱ የማዕበሉ ተፈጥሮ ነው። ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣ ስሩ መሬቱን እየነካ ይዘገያል፣ ቁመቱ የውሃውን ጥልቀት 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ ደሞ አናቱ ስሩን ቀድሞ ይሰበራል። ስለዚ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነች ማዕበል 75 ሴንቲ አካባቢ ጥልቀት ላይ ትሰበራለች ማለት ነው፣ ከተሰበረች በኋላ ነጭ አረፋ ሆና ወደ ዳር ትሮጣለች፣ ያ አረፋ ነው ያንቺ የመጀመሪያ ክፍል። የመሬቱ ቅርፅም ወሳኝ ነው፣ አሸዋው ቀስ እያለ የሚጠልቅበት ዳርቻ ማዕበሉ ከላይ ቀስ ብሎ ይፈሳል፣ ድንገት ጥልቅ ከሆነ ውሃ ወደ ጥልቀት የለሽ ሪፍ (ውሃ ስር ያለ የድንጋይ ወይ የኮራል መደብ) ሲመጣ ግን ተጠቅልሎ ይወድቃል፣ የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሰርፊንግ የተካሄደበት ታሂቲ ያለው ቴአሁፖ እንደዛ ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዪው እሱን ነው፣ የምትጀምሪው ግን ቀስ ብሎ በሚፈሰው ነው፣ ሁለቱን አታምታቺ። በ2021 ቶኪዮ ላይ ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ በሴቶች ወርቅ የወሰደችው ካሪሳ ሙር አባቷ ነው ያስጀመራት፣ እዛው ዋይኪኪ ላይ፣ ለስላሳ ማዕበል ላይ።

ቦርዱ ትልቅና ወፍራም ፎም ይሁን፣ 8 ወይ 9 ጫማ። አጭር ቦርድ ያምራል፣ ግን ጀማሪን አያነሳም፣ ጀማሪ ሆኖ አጭር ቦርድ የመረጠ ሰው መማር የሚችልበትን ጊዜ ውሃ ሲጠጣ ያሳልፈዋል። ስትተኚ ብዙ ወደፊት ከሄድሽ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይገባና ትገለበጫለሽ፣ ብዙ ወደ ኋላ ከሆንሽ ማዕበሉ ጥሎሽ ያልፋል፤ አፍንጫው ከውሃው ጥቂት ጣት ከፍ ሲል ትክክል ነሽ። አረፋው ከኋላ ሲደርስ ጭራው ብድግ ይላል፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳተው፣ ያዘኝ ብሎ መቅዘፍ ያቆማል። አታቁሚ፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ጨምረሽ ቅዘፊ፣ ቦርዱ በራሱ ሲንሸራተት ያን ጊዜ መዳፍሽን ከጎድን አጥንትሽ አጠገብ አድርገሽ ግፊና ሁለቱን እግር ከስርሽ አምጪ። ዓይንሽ ዳሩ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ባትነሺም ግድ የለም፣ ተኝቶ እስከ አሸዋው መምጣት ራሱ ትምህርት ነው፣ እኔ ተማሪዎቼን ፍጥነቱን እስኪለምዱት ድረስ ተኝተው እንዲጋልቡ አደርጋለሁ፣ ማን ያስቸኩላቸዋል።

ሪፕ ከረንትን ደሞ ከመግባትሽ በፊት እወቂው። ማዕበል ውሃ ወደ ዳር ያመጣል፣ ያ ውሃ በሆነ ቦታ ተመልሶ መውጣት አለበት፣ የሚወጣበት ጠባብ መስመር ነው ሪፕ የሚባለው። ክፋቱ ምንድነው፣ እዛ መስመር ላይ ማዕበል ብዙም ስለማይሰበር ከጎኑ ካለው የረጋ ይመስላል፣ ጠቆር ያለ ነው፣ አዲስ ሰው ደሞ ማዕበል ፈርቶ መርጦ እዛው ይገባል። ከያዘሽ አትታገዪው፣ ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ቦርድሽን ይዘሽ ተረጋጊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ከቻልሽ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆነሽ ወደ ጎን ቅዘፊ፣ ማዕበል የሚሰበርበት ስትደርሺ እሱ ይመልስሻል። ነፍስ አድን ያለበት ዳርቻ ምረጪ የምልሽም ለዚህ ነው።

ባህር የለኝም የሚል ሰውም አሁን አሁን መንገድ አለው። ሙኒክ ከተማ ውስጥ አይስባክ በሚባለው የወንዝ መስመር ሰዎች ለአስርት ዓመታት ሰርፍ አድርገዋል፣ ኬሊ ስሌተር በ2015 መጨረሻ ያሳየው ሰው ሰራሽ የማዕበል ገንዳም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከባህር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው። ገንዳው ጥሩ ነው፣ ማዕበሉ እኩል ስለሚመጣ መነሳትን መደጋገም ያስችላል። ባህርን ማንበብ ግን አያስተምርም።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ከ30 በላይ ሆኖ የጀመረ ሰው ከልጅ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ቶሎ አይድንም፣ ስለዚ ትከሻና ወገብ ቀድሞ ማዘጋጀት ይጠቅማል፣ መሬት ላይ ፑሽአፕና ከመተኛት ብድግ ማለትን ተለማመጂ። ሁለተኛ ደሞ ሰው ያየኛል ብሎ ይሸማቀቃል፣ ልጅ ይሄ የለበትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የራሱን ማዕበል ነው የሚያየው። መንገድ እስካልዘጋሽበት ድረስ፣ አስቀድሞ ማዕበሉ ላይ የተነሳ ሰው ካለ ደሞ አንቺ እስከተውሽለት ድረስ ማንም አይቆጣሽም፣ እንደውም ጀማሪ ሲነሳ የሚያጨበጭቡ አሉ።

አሰልጣኝ ስትመርጪ ቦርዱ ምን ዓይነት ነው ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት፣ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚገባ፣ እሱም አብሮ ውሃ ውስጥ እንደሚሆን ወይስ ዳር ቆሞ እንደሚጮህ ጠይቂው። የነፍስ አድን ስልጠና እንዳለውም ጠይቂ፣ ጥሩ አሰልጣኝ በጥያቄው አይከፋም። ቦርድ አሁን አትግዢ፣ ተከራይተሽ ቆዪ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያስፈልግሽ ቦርድ ዛሬ ከምታስቢው የተለየ ነው የሚሆነው።

አንቺ ጋ ያለው ውሃ ሐይቅ ይሁን ወንዝ ወይ ባህር አልጻፍሽም፣ እሱንና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ ጻፊልኝ፣ ክብደትሽንም ጨምሪ፣ የቦርዱ ሊትር፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚያንሳፍፍ የሚለካበት መጠን፣ የሚወሰነው በሱ ስለሆነ። ከዛ የትኛውን ቦርድ መከራየት እንዳለብሽና በቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ብትገቢ እንደሚሻል ለይቼ እነግርሻለሁ።